የጋሽ ንጋቱ ክረምት

የጋሽ ንጋቱ ቀብር ላይ የሰዉን ብዛት ሳይ ቀናሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ማክሰኞ ዕለት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለው መነጽር ጠጋኝ «የአማርኛው መምህር አረፉ እኮ፣ አልሰማህም?» ሲለኝ ክው ብዬ ቀረሁ። በማግስቱ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስደርስ ሽማግሌው፣ ጎልማሳው፣ ባለሱቁ፣ ድሮ ያስተማሯቸው ሴቶች ከነልጆቻቸው ግቢውን ሞልተውት ሳይ ሐዘኔ ላይ ሌላ ነገር ተደረበበት። እኔ ስሞት የዚህን ግማሽ እንኳ የሚመጣ ይኖራል? ዕድሜ ልኬን የቀናሁባቸው ሰው ሞተውም አላሳረፉኝም።

በደርግ ዘመን አራዳ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን እናስተምር ነበር፤ እሳቸው አማርኛ፣ እኔ ጂኦግራፊ። አሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል። ስሜን ጠርተውት አያውቁም፤ «አንተ ጂኦግራፊ» ነበር የሚሉኝ። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ የኮታቸው ኪስ አፍ በጠመኔ ብናኝ እንደነጣ ነው። ቡና ቤት ስንገባ ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው፣ ማኪያቷቸውን በትንሽ በትንሹ እየተጎነጩ ካሳላፊው ጋር ይጨዋወታሉ። አሳላፊው የእኔን ማኪያቶ ሁልጊዜ አቀዝቅዞ ነው የሚያመጣው።

ፒያሳን ከእሳቸው ጋር ማቋረጥ የሚቻል አልነበረም፤ የሱቅ ጽሑፍ ማረም ልማዳቸው ነዋ። አንድ ቀን ውቤ በረሃ ውስጥ አንዲት ሴትዮ በሯ ላይ «ምግብና መጠጥ ይሸጣል» የሚል አዲስ ሰሌዳ ሰቅላለች። ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ የሚሸጠው አንዱ ብቻ ነው?»

«ኧረ ሁለቱም አለ ጋሼ!»

«እንግዲያው ‹ይሸጣሉ› ይበል። መጠጡ ይቀየማል።»

ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ በሳምንቱ ሰሌዳው ተቀይሮ አየነው። እኔ ብሆን ኖሮ ያንኑ ቃል ተናግሬ በመጥረጊያ ነበር የምባረረው። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበሩ። ተማሪ አንድ ቃል ሲጠይቃቸው ትርጉሙን ከመንገራቸው በፊት «ቆይ፣ ይሄ ቃል የማን ነው?» ይላሉ። ገበሬ ሲናገረው ምን ማለት ነው? ነጋዴ ሲናገረውስ? ልጆቹ በእሳቸው ክፍለ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ፤ ቀጥሎ ወደ እኔ መጥተው ያንቀላፋሉ።

አንድ ጥቅምት መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሶቪየት ወዳጆች አንድ መምህር በክረምት፣ እንግዳ በማይበዛበት ወቅት፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ያሉ ደሴቶችን እንዲጎበኝላቸው ጋብዘዋል፤ «በክረምት ወደዚያ መሄድ ለምን ያስፈልጋል?» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ የጻፈ ይላካል ይላል። ያን ጊዜ ለተራ ሰው ከአገር መውጣት በሕልምም የሚታሰብ አልነበረም። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እነዚያን ደሴቶች ስድስት ዓመት ሙሉ በነጭ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስላቸው ኖሬያለሁ። የማንም አይደሉም፤ የእኔ ናቸው አልኩ።

ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ጻፍኩ። ክረምት ማለት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። መምህር የሚያርፈው ያኔ ስለሆነ ግብዣው በክረምት መሆኑ አልገረመኝም። በሐምሌ ደግሞ እዚያ ፀሐይ አትጠልቅም። ስለዚህ ስለማትጠልቀው ፀሐይ ስምንት ገጽ ጻፍኩ፤ የምድርን ዘንግ አንግል ሳይቀር አስገባሁ። የራሴ ጽሑፍ አስለቀሰኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

ጽሑፉን ከማስገባታችን አንድ ቀን በፊት ጋሽ ንጋቱ ባንኮኒው ጋ ጠሩኝ።

«አንተ ጂኦግራፊ፣ ስለ ምን ጻፍክ?»

«ስለ ፀሐይ» አልኳቸው፤ ዝርዝሩን ግን ደበቅኩ።

«ወይ ጉድ። ይሄ ክረምት እኮ የእኛ ክረምት አይደለም። ተርጓሚው የፈረንጁን ብርዳም ወቅት ነው ክረምት ያለው። የእነሱ ክረምት የእኛ ታኅሣሥና ጥር ነው። ያኔ እዚያ ፀሐይ የለችም፤ ድፍን ጨለማ ነው። አንተ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ግን ክፍል ውስጥ የማስተምረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ዊንተር» ነበር የምለው፤ ያ ቃልና «ክረምት» ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ለአንድ አፍታ ልቤ ደነገጠ። ወዲያው ደግሞ ነቃሁ፤ ወይም የነቃሁ መሰለኝ። ይኼ ሰውዬ ተንኮል አስቦልኛል! ማን ጤነኛ ሰው ጨለማ ለማየት ይሄዳል? ስለ ጨለማ ጽፌ አወዳዳሪው ኮሚቴ እንዲስቅብኝ ፈልገው ነው። እንግዳ የማይበዛውም ሩሲያውያኑ በሐምሌ ወደ ሞቃት ባሕር ለእረፍት ስለሚወርዱ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብያቸው ስምንቱን ገጽ አንድ ፊደል ሳልነካ አስገባሁት።

ውጤቱን ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው በስብሰባ ላይ አነበቡ። «ጓድ ንጋቱ!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የእኔን በተመለከተ «አንድ ጓድ ወቅቱን አሳስቶ ጽፏል» ብለው አለፉ። የኬሚስትሪው መምህር «ንጋቱን ወደ ጨለማ ልንልከው ነው!» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አንጀቴ ግን እርር ብሏል።

ጽሑፋቸው አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነበር። እንግዳ ሲበዛ አስተናጋጅ ይቸኩላል፣ ብቻዬን ከሄድኩ ግን የከተማው ሁሉ እንግዳ እሆናለሁ ይላል። ሰው የሚታወቀው ማንም በማያየው ጊዜ ነው፣ አገርም እንዲሁ ይመስለኛል ይላል። ከሁሉ ያንገበገበኝ የመጨረሻው ነው፦ «እኔ ባደግኩበት አገር ፀሐይ ሳትጠራ ትመጣለች፤ ፀሐይን የሚጠብቁ ሰዎችን አይቼ አላውቅም። እነሱን ማየት እፈልጋለሁ።» የጂኦግራፊ መምህር እኔ ሆኜ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር የአማርኛ መምህር ጻፈው። ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር የእኔ በሆነ እላለሁ።

ለመሄድ ዋስ ያስፈልግ ነበር፤ ሰውየው ባይመለስ ተጠያቂ የሚሆን ሰው። ጋሽ ንጋቱ ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ዋስ ትሆነኛለህ?»

«እኔ? የሚወድዎት ሰው ሞልቶ?»

«ለዚሁ እኮ ነው። የሚወደኝ ሰው ብቀር ‹እሰይ፣ ተገላገለ› ይላል። አንተ ግን ትቀናብኛለህ። እስክመለስ ቀን ትቆጥራለህ።»

ፊቴ ጋለ። አሳላፊው ብርጭቆ የሚወለውልበትን ጨርቅ ይዞ ሰምቶናል።

«ማን ነው የሚቀናው?» አልኩ።

«ፈርማ እንግዲህ» አሉኝ።

እንደማልቀና ለማሳየት ብዬ ፈረምኩ። ከዚያም አልፌ የብርድ ልብስ ሲገዙ አብሬያቸው ሄድኩ። ድልድዩ አጠገብ ያለውን የሰልባጅ ነጋዴ «ለክረምት የሚሆነኝ ነገር አምጣልኝ» አሉት። ሰውየው ቦቲ ጫማና ጃንጥላ ይዞ መጣ። ጋሽ ንጋቱ እኔን በጎን እያዩ «የእኛን ክረምት አይደለም ወንድሜ፤ የሌላ አገር ክረምት ነው» አሉ። ነጋዴው «ጋሼ፣ እኔ የሰፈሬን ክረምት እንኳ መች ቻልኩት!» አለ። ሲሳሳቁ አንዳቸውንም ማየት አልፈለግኩም። በመጨረሻ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ የሚደርስ ጥቁር ካፖርት ገዙ፤ ምን ያደርጋል፣ አማረባቸው።

በጥር መጀመሪያ ሄዱ። ለሁለት ሳምንት ነበር። ሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ እሳቸው አልመጡም። አውሎ ነፋስ ስላለ አውሮፕላን አይነሳም የሚል አንድ አጭር ቴሌግራም ለትምህርት ቤቱ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ ሆነ። አራተኛው ሳምንት አለቀ፤ አምስተኛውም ገባ። ቀበሌ ተጠራሁና «ሰውህ የት ነው?» ተባልኩ። የዚያን ሰሞን እንቅልፍ ያጣሁት በፍርሃት ብቻ አይደለም። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ፣ የሆነ የምዕራብ አገር ከተማ ላይ፣ ካፖርታቸውን ሰቅለው ሲስቁ ይታዩኝ ነበር። እኔ እዚህ ስለ እሳቸው እጠየቃለሁ፤ እሳቸው ሁለት ጊዜ ዕድለኛ ሆኑ።

ስለዚህ ዋስትናውን የፈረምኩበት ቢሮ ሄጄ ደብዳቤ አስገባሁ። «ግለሰቡን በቅርብ አላውቃቸውም። ዋስ የሆንኩት ተጭነውኝ ነው። ከእንግዲህ ለሚደርሰው ነገር ሀላፊነት አልወስድም» ይላል። ጸሐፊው አነበበውና ሽቅብ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ዋስነት እኮ የሚያስፈልገው ሰው ሲጠፋ ነው። ካልጠፋማ ማንም ዋስ ይሆናል» አለኝ።

ቢሆንም ወረቀቱን ተቀብሎ ፋይላቸው ውስጥ ጨመረው።

በሳምንቱ ጋሽ ንጋቱ መጡ። ከስተዋል፤ ጉንጫቸው ላይ ብርድ የላጠው ቦታ አለ። ከአውሮፕላን እንደወረዱ ለምን እንደዘገዩ ሁለት ቀን ሙሉ ተጠየቁ፤ ከዚያ ተለቀቁና ክፍላቸው ገቡ።

ርዕሰ መምህሩ ስለ ጉዞው ለተማሪው ሁሉ እንዲናገሩ አዘዟቸው። ጋሽ ንጋቱ መጀመሪያ የአዳራሹን መስኮት ሁሉ በጥቁር ጨርቅ አስጋረዱ። አንድ ሺህ የሚሆን ተማሪ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ጸጥ አለ። «አሁን ማንም አይናገር። አጠገባችሁ ያለውን በሳሉ እወቁት» አሉ። አዳራሹ በሳቅና በሳል ተሞላ። ቀጥለው በዝግታ ነገሩን። እዚያ መንገድ ላይ የሚገናኙ ሰዎች ፊት ስለማይታይ ቀድመው ድምፃቸውን ያሰማሉ፤ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው የለም። በእነሱ በጋ በመርከብ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ስለሆነ ማንም ስሙን አይዝለትም፤ እሳቸውን ግን ዳቦ ጋጋሪው፣ ሐኪሟ፣ ከሰል ቆፋሪው ተራ ገብተው ቤታቸው ጠርተዋቸዋል። አንድ ቀን ሰማዩ ላይ አረንጓዴ ብርሃን ወጣ፤ ሴቶች ያጠቡትን ጋቢ ይዘው ሲያራግፉት የሚመስል ብርሃን።

ያን ብርሃን እኔ በየዓመቱ ከነስሙ፣ ከነምክንያቱ አስተምሬዋለሁ። አንዲት ተማሪዬ ግን ዞር ብላ «ቲቸር፣ ይኼን ለምን ሳይነግሩን ቀሩ?» አለችኝ።

አውሎ ነፋሱ ስላዘገያቸው ፀሐይ የተመለሰችበትን ቀንም አይተዋል። የከተማው ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ አንድ ደረጃ ላይ ተሰብስቦ ጠበቀ፤ ኬክ የጋገሩ ነበሩ። ከተራራው ጫፍ ጥፍር የምታህል ብርሃን ብቅ ስትል በሬ የሚያህል ከሰል ቆፋሪ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጋሽ ንጋቱ ይህን ሲናገሩ መጋረጃዎቹን አስነሡ። የአዲስ አበባ የረፋድ ፀሐይ አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ተማሪው በአንድ ጊዜ አጨበጨበላት። በየቀኑ የምናያት ፀሐይ! እኔ ስምንት ገጽ የጻፍኩላትን ፀሐይ እንኳ ወሰዱብኝ።

ከንግግሩ በኋላ እንደ ድሮው ባንኮኒው ጋ ቆምን። ለሌሎቹ መምህራን ከረሜላና የአንገት ልብስ አምጥተው አከፋፍለዋል፤ ለእኔ ምንም አልሰጡኝም። ማኪያቷቸውን ጨርሰው አፋቸውን ጠረጉና፣

«አንተ ጂኦግራፊ» አሉኝ።

«አቤት ጋሼ።»

«‹ኃላፊነት› በሃሌታው ‹ሀ› አይጻፍም፤ በብዙኃኑ ‹ኃ› ነው።»

 ሲጠይቋቸው ፋይላቸው ውስጥ ያለውን ደብዳቤዬን አሳይተዋቸዋል ማለት ነው።  እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ የሱቅ ጽሑፍ ሲያርሙ በሚናገሩበት ድምፅ ነበር የተናገሩት። ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ አንድ ፎቶግራፍ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩልኝ። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። አንድ ጥግ ላይ ብቻ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች፤ የወረቀቱ ጉድለት መሰለችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«የአንተ ድርሻ ነው። ልክ ቀትር ላይ ያነሳሁት ነው» አሉና ሒሳቡን ሳልቀድማቸው ዘግተው ወጡ።

በሐምሌ ፀሐይዬ እየቀለዱብኝ ነው አልኩ። ቤቴ ወስጄ ከካርታዎቼ ሥር ወረወርኩት። በዓመቱ በስማቸው ሁለተኛ ግብዣ መጣ፤ መውጫ ቪዛ ተከለከሉ። ያ ደብዳቤዬ የሠራው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ዜናውን ስሰማ ደግሞ ከማዘኔ በፊት ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጋሽ ንጋቱ ከዚያ ወዲያ ከአገር አልወጡም፤ ጡረታ እስኪወጡ አራዳ ውስጥ አስተማሩ፤ ካፖርቱን በሐምሌ ዝናብ ለብሰው «አሁን ነው የእኛ ክረምት» እያሉ ከባለሱቆቹ ጋር ሲስቁ ከሩቅ አያቸው ነበር። ዋስነቱም ደብዳቤውም በመካከላችን ዳግመኛ አልተነሡም።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረስኩ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አንተ ጂኦግራፊ ነህ አይደል? ዋሳቸው?» አሉኝ።

«ነኝ እትዬ።»

«ዛሬ ልንገርህ፤ እሳቸው ከእንግዲህ አይቆጡኝም። ወንድሜ ያኔ ‹እኔ ዋስ እሆናለሁ› ብሎ ለምኗቸው ነበር። እምቢ አሉ። ‹ወንድምሽ ይቅር ይለኛል፤ እሱን ተማምኜ እዚያው ልቀር እችላለሁ። ጂኦግራፊ ግን ይቅር አይለኝም› አሉ።»

ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ቀልድ መስሎህ! ደሴቱ ላይ ከሩሲያውያኑ ሌላ የምዕራብ አገር ሰዎች ከተማም ነበረ፤ አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው። ነፋሱ ጋብ ሲል ቼዝ ለመጫወት ወደዚያ የሚሄዱት ሩሲያውያን ይዘዋቸው ሄዱ። አንዲት ሴት ሻይ ቀድታላቸው፣ ‹እዚህ ብትቀር ማንም ወረቀት አይጠይቅህም› አለቻቸው በእንግሊዝኛ። ‹ለአንድ ሰዓት ያህል ሻይዬን ይዤ ተቀመጥኩ› አሉኝ። አስበው፣ አንድ ሰዓት። ከዚያ ‹ዋስ አለብኝ› አሏትና ተነሥተው ወጡ። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው የከተማዋን መብራት ፎቶግራፍ አነሡ። ለማን እንደሰጡት ብቻ አልነገሩኝም።»

«እኔ ጋ ነው» አልኩ።

እትዬ የሺ እጄን ያዙኝ። ስለ ደብዳቤው አያውቁም፤ ባላቸው ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩብኝም። ቀኑን በልቤ አሰላሁት። እሳቸው ያን ሻይ ትተው ከተነሡ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ እኔ «በቅርብ አላውቃቸውም» ብዬ እየጻፍኩ ነበር።

ቤቴ ስገባ ከካርታዎቼ ሥር ፎቶግራፉን አወጣሁት። ቀትር ነበር፤ መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። ነጥቧ ጉድለት አይደለችም። ጥቁሩ መሐል ቁጭ ያለች አንዲት መብራት ናት፤ ከሥሯ በረዶው በትንሹ ነጣ ብሏል። እዚያች መብራት ፊት ቆሜ፣ እዚህ አራዳ ውስጥ ዋሴ ጋሽ ንጋቱ ቢሆኑ ኖሮ ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ብዙም አላሰብኩም። አልመለስም ነበር። አሁንም የምቀናባቸው ለዚህ ነው።